ጥሩ ዝተት ከጀርባው ይታወቃል

የበግ ጠጉር ሥራ ሊገዛ የመጣ ሰው ቀድሞ የሚያየው ፊቱን ነው። ሻጩ ዝተቱን፣ ማለትም የጠጉር ብርድ ልብሱን፣ ወይም ስጋጃውን ከመደርደሪያ አውርዶ አንድ ጊዜ ይዘረጋዋል። ገዢው አንበሳውን፣ መስቀሉን፣ የመስመሮቹን አሰላለፍ ያያል፤ ቀለሙ ከሳሎኑ ወንበር ጋር ይስማማ እንደሆነ በሐሳቡ ይመዝንና «ስንት ነው?» ይላል። ከሰንጋ ተራ ተነሥቼ በብሔራዊ ቴአትር በኩል ወደ ቸርችል ጎዳና ስወጣ፣ ፖስታ ቤቱ አካባቢ ባሉት የባህል ዕቃ መደብሮች ይህን ደጋግሜ አያለሁ። ዋጋ ይቆረጣል፤ ዕቃው በፌስታል ይገባል፤ ገልብጦ ያየው የለም።

ሰንጋ ተራ ስሙን ያገኘው ከከብት ገበያ ነው። ዛሬ የባንኮች ዋና መሥሪያ ቤቶች በቆሙበት በዚህ ሰፈር በሬ የሚገዛ ሰው ሻኛውን ሳይዳስስ፣ ጥርሱን ሳያይ፣ ወዲያና ወዲህ ሳያስኬደው ገንዘቡን ከመቀነቱ አይፈታም ነበር። የበግ ጠጉር ሥራም እንደዚያ ሊመረመር ይገባዋል። ምክንያቱም ጥራቱ የሚወሰነው ሸማኔው ዘንድ ከመድረሱ በፊት ነው፤ በጎቹ በሚውሉበት መስክና በፈታይዋ ጣቶች መካከል። ሸማኔ ጥሩ ፈትል ሊያበላሽ ይችላል፤ መጥፎ ፈትል ግን ማዳን አይችልም። ስለዚህ ዕቃው እጃችን ሲገባ ወደ ኋላ እየተመለስን፣ ከጨርቁ ወደ ፈትሉ፣ ከፈትሉ ወደ ጠጉሩ፣ ከጠጉሩ ወደ በጉ መሄድ አለብን።

ከበጉ ልጀምር። የምናወራው በዋናነት ስለ መንዝ ነው። ከአዲስ አበባ 130 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ደብረ ብርሃን አለች። ከእርሷ ወደ ሰሜን ያለው የመንዝ ደጋ፣ ማማ ምድር፣ ላሎ ምድርና ጌራ ምድር፣ የገብስና የበግ አገር ነው። ሌሊቱ ውርጭ፣ ቀኑ ነፋስ። ጋቢ የሚሠራበት ጥጥ ከቆላ ተጭኖ ይመጣል፤ ጠጉር ግን ከደጅ አለ። የመንዝ ሰው ብርዱን የመከተው በዚህ ከደጁ ባገኘው ነው፦ ለመኝታ ዝተትና ባና፣ ለመንገድና ለክብር በርኖስ።

የመንዝ በግ ትንሽ ነው። ላቱ አጭር ሆኖ ጫፉ ወደ ላይ ይቀለበሳል፤ አውራው ቀንዳም ነው። ጥቁር አለ፣ ቡናማ አለ፣ ነጭ አለ፣ ቡራቡሬ አለ። ገበሬው የሚያረባው በመጀመሪያ ለጠጉሩ አይደለም። ማዳበሪያ ሲገዛ፣ ልጅ ትምህርት ቤት ሲገባ፣ በዓል ሲመጣ፣ ሰብል ሲከዳው አንድ ጠቦት ወይም ሙክት ወደ ገበያ ይነዳል። ጠጉሩ በተጨማሪ የሚገኝ ጥቅም ነው። ከአንዱ በግ የሚሸለተው ጥቂት ስለሆነ አንድ ዝተት ለማውጣት የብዙ በጎች ጠጉር መሰብሰብ ያስፈልጋል። ይህን ያወቀ ሰው የዝተትን ዋጋ ሲሰማ አይደነግጥም። የሚያስደነግጠው ርካሽ ዝተት ነው።

መንግሥትም ይህን ጠጉር ከተመለከተው ቆይቷል። በ1950ዎቹ ዓ.ም. ደብረ ብርሃን የብርድ ልብስ ፋብሪካም የበግ ማራቢያ ማዕከልም ተተከለላት። ጠጉራቸው የለሰለሰ የውጭ በጎች ለማዳቀል መጡ። በኋላ፣ በ1980ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ አዋሲ የሚባለው ዝርያ ከእስራኤል ገባ። አዋሲ ግዙፍ ነው፤ ጠጉሩ ነጣ፣ ረዘም ያለ ነው። ገበሬው የወደደለት ግን በዋናነት ቁመናውን ነው፤ የአዋሲ ዲቃላ ገበያ ላይ ከፍ ያለ ዋጋ ያወጣልና። በ2009 እ.ኤ.አ. ደግሞ የደብረ ብርሃን ግብርና ምርምር ማዕከል ከዓለም አቀፍ ተቋማት ጋር ሆኖ በመንዝ መንደሮች ማኅበረሰቡ ራሱ አውራ የሚመርጥበትን ሥርዓት ጀመረ። ጠቦቶቹ ስድስት ወር ሲሞላቸው ይመዘናሉ፤ የተሻሉት ተመርጠው የሰፈሩን በጎች እንዲያጠቁ ይቀመጣሉ። አገሬውን በግ በአገሩ ላይ እያሻሻሉ ማቆየት፣ ከውጭ ደም ብቻ ከመጠበቅ የተሻለ መንገድ እንደሆነ አምናለሁ። ለእኛ ለገዢዎች የሚተርፈው ቁም ነገር ይህ ነው፦ ዛሬ ከመንዝ የሚመጣ ጠጉር አንድ ዓይነት አይደለም። የአገሬው ጠጉር አጠር፣ ጠንከር፣ ቀለሙም ጠቆር ያለ ነው፤ የዲቃላው ረዘምና ነጣ ይላል። ሁለቱም ጥሩ ዕቃ ይወጣቸዋል። ክፉው ነገር ሳይለዩ አንድ ላይ መፍተል ነው፤ ርዝመታቸው ስለማይገጥም አጭሩ እየተመዘዘ ይወጣና ዝተቱ በዓመቱ ፊቱ ላይ ክብልብል ያለ ጉድፍ ያበቅላል።

ስለ ጠጉሩ ትንሽ ልቆይ፤ ብዙው ነገር ያለው እዚህ ነው። የመንዝ በግ ሁለት ድርብ ልብስ ለብሷል። ከላይ ዝናብና ነፋስ የሚመልሰው ረጅም ሻካራ ጠጉር አለ፤ ከሥር ሙቀት የሚይዘው አጭርና ቀጭን ጠጉር አለ። በሁለቱ መካከል ደግሞ ሦስተኛ ዓይነት ይገኛል፦ ወፍራም፣ ደረቅ፣ ኖራ የመሰለ ነጭ፣ ሲያጥፉት የሚሰበር። ይህ ጠጉር ቀለም አይቀበልም፤ ከፈትሉም ጋር አይጠማዘዝም። ቀይ የተነከረ ስጋጃ ላይ ነጫጭ ሽበት የመሰለ ነገር ካዩ እርሱ ነው። በእጅ ሥራ ጨርሶ አይጠፋም፤ ጥቂት መኖሩም ነውር የለውም። በየጣት ስፋቱ ሦስት አራት ከሆነ ግን ሲለቅሙት የዋለ ሰው አልነበረም ማለት ነው።

ከአንዱ በግ ላይም ጠጉሩ እኩል አይደለም። የትከሻውና የአንገቱ ጎን ይለሰልሳል፤ የታፋውና የእግሩ ይሻክራል፤ የሆዱ በጭቃና በእበት ይጣበቃል። ልምድ ያላት ባለቤት ሲሸለት ትለየዋለች፤ የትከሻውን ለምርጥ ፈትል፣ የታፋውን ለገመድና ለወፍራም ምንጣፍ። ችኩል ሰው ሁሉንም በአንድ ጆንያ ይጠቀጥቀዋል። ይህ ችኮላ ከሸማኔው ቤት እስከ እርስዎ አልጋ ይከተላል፦ ዝተቱ አንድ ጎኑ ለስላሳ ሌላ ጎኑ እንደ ብሩሽ የሚወጋ ከሆነ ምንጩ ያ ጆንያ ነው።

መንዝ ውስጥ፣ መሐል ሜዳ አካባቢ በአንድ ገበሬ ቤት አንዲት እናት ያሳዩኝን ፈተና ከዚያ ወዲህ የትም ብሄድ እሠራበታለሁ። ከሁለት የተለያዩ ክምሮች አንዳንድ ቁንጥር ጠጉር መዘዙ። የመጀመሪያውን በሁለት እጃቸው ጫፍና ጫፉን ይዘው ወደ ጆሮዬ አስጠጉና ድንገት ሳብ አደረጉት። ጠጉሩ እንደ ክር ድን ብሎ ጮኸ፤ አልተበጠሰም።

«ሰማኸው ልጄ?»

«ሰማሁ እማማ።»

ሁለተኛውን ሳቡት። ድምፁ ቻር የሚል ሆኖ ጠጉሩ መሐሉ ላይ ተከፈለ፤ ሁሉም በአንድ ቦታ፣ በምላጭ የተቆረጠ ይመስል።

«ይቺ ሣር ያጣችበት ጊዜ ናት» አሉኝ። «ያን ሰሞን ከስታ ነበር። ጠጉሯ ላይ ተጽፎ ቀረ።»

ነገሩ በትክክል እንደዚያ ነው። በግ ሲራብ ወይም ሲታመም በዚያ ሰሞን የሚበቅለው የጠጉር ክፍል ይቀጥናል፤ ኋላ ቢጠግብም ያ ቀጭን ቦታ እዚያው ይቀራል። ሲፈተል አይታይም፤ ሲሸመን ያልፋል። ዝተቱ ታጥቦ፣ ታጥፎ፣ ተረግጦ ሲያገለግል ግን በዚያች ቦታ እየተቆረጠ ይረግፋል። ስለዚህ የዝተት ጥራት የግጦሽ ጉዳይም ነው። የመንዝ ሰው ይህን ያውቅ ስለነበር ይመስለኛል ጓሳ የሚባለውን የሣር መሬት ለብዙ ዘመን ያን ያህል የጠበቀው። ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ቄሮ በሚባለው ሥርዓት የጓሳ ሣር ለዓመታት ይዘጋ ነበር፤ ለአጨዳም ሆነ ለግጦሽ የሚከፈተው በጊዜውና በደንቡ ነበር። ከ1967 ዓ.ም. የመሬት አዋጅ በኋላ ሥርዓቱ ፈረሰ፤ የአካባቢው ሕዝብ ግን ቦታውን መልሶ በጋራ ደንብ ይጠብቀዋል። ጓሳን የሚያነሣ ሰው ሁሉ ስለ ቀይ ቀበሮውና ስለ ጭላዳው ያወራል፤ በክፉ ዓመት በጎችን ያተረፈው ሣር መሆኑም ሊነገርለት ይገባል።

መደብር ውስጥ ሆነው ይህን ፈተና እንዴት ይሠሩታል? ከዘርፉ ወይም ከጠርዙ አንድ ክር በባለቤቱ ፈቃድ ይምዘዙ። ክሩን ፈትተው ጠጉሮቹን ይለዩና በጥፍርዎ መካከል ሳብ ያድርጓቸው። ከዚያው ክር ጥቂቱን በክብሪት ይለኩሱት። የበግ ጠጉር ከሆነ እሳቱ ሳይስፋፋ ይከስማል፤ የተቃጠለ ጠጉር ይሸታል፤ ዐመዱ በጣት ሲነካ ይፈረፍራል። ሰው ሠራሽ ክር ከሆነ ይቀልጥና ጠንካራ ጥቁር ዶቃ ይሆናል። ጥጥ ከሆነ እንደ ወረቀት ይነዳል። ዛሬ «የመንዝ ዝተት» ተብሎ ከሚሸጠው ውስጥ ድሩ ጥጥ የሆነ አለ፤ ማጉ በፋብሪካ ክር የተቀላቀለም አለ። የጥጥ ድር በራሱ ማጭበርበር አይደለም፤ ስጋጃ ላይ እንዲያውም ቅርጽ ይይዛል። ሻጩ «ንጹሕ ጠጉር ነው» ብሎ ዶቃ ከወጣ ግን ሌላ መደብር ይሂዱ።

አሁን ወደ ፈትሉ። ባለሙያ ነኝ የሚል ሰው ከዚህ ውጭ ምንም ባያውቅ ይቅርታ ይደረግለታል፤ ፈትል ሳያውቅ ግን አያዋጣም። ጠጉሩ ታጥቦ፣ በደጋን ተነፍቶ፣ ተባዝቶ ወደ እንዝርት ይሄዳል። ፈታይዋ በአንድ እጇ እንዝርቱን ታሽከረክራለች፤ በሌላው ጠጉሩን እያሳሳች ትለቃለች። ሥራው ሁሉ ያለው በሚለቀው እጅ ነው። ስትቸኩል ወፍሮ ያልፋል፤ ስትይዝ ይቀጥናል። እጇ አንድ ዓይነት ከሆነ ልቃቂቱ ላይ ያለው ክር ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በዓይን ልዩነት የለውም። የእጅ ፈትል እንደ ፋብሪካ ክር ይሁን እያልኩ አይደለም፤ በውፍረቱ ትንሽ መተንፈሱ ሕይወቱ ነው። ነገር ግን የሚያብጠው ቀስ ብሎ፣ የሚቀጥነውም ቀስ ብሎ መሆን አለበት። ድንገት የሚያብጥ ቋጠሮና ከጎኑ እንደ ሸረሪት ድር የሳሳ ቦታ ካለ ዝተቱ የሚቀደደው እዚያ ነው።

ሁለተኛው ነገር ክርረቱ ነው። ድሩ በብርቱ ሊከርር ይገባል፤ የሚወጠረው፣ የሚፋተገው እርሱ ነውና። ማጉ ግን ላላ ማለት አለበት፤ ሙቀት የሚይዘው በውስጡ የታሰረው አየር ነው፤ ኋላ ሲረገጥም የሚያያዘው ላላ ያለው ፈትል ነው። ይህን ለማየት ከጨርቁ ጠርዝ አንድ ድርና አንድ ማግ በጣትዎ ይያዙና ከክርረታቸው በተቃራኒ ይፍቱ። ድሩ በብዙ ዙር መፈታት አለበት፤ ማጉ በጥቂት። ሁለቱ እኩል ከከረሩ ዝተቱ ሰሌን ይሆናል፤ ሁለቱም ላላ ካሉ በሁለት ክረምት ውስጥ ይሳሳል። ዋጋ ሲቆረጥ ግን ፈታይዋን የሚያስታውሳት የለም። ከዝተቱ ጀርባ ያለው ጊዜ አብዛኛው የእርሷ ነው፤ ሸማኔው በቀናት የሚጨርሰውን እርሷ ከከብትና ከምድጃ መካከል እየሰረቀች በሳምንታት ነው የምታደርሰው።

ሽመናውን ባጭሩ ልለፈው፤ የሸማ ልማድ ያለው ሰው ሁሉ ጥቂት ያውቀዋልና። ወደ ብርሃን ያንሡት። ብርሃን በእኩል ይግባ እንጂ አንዱ ቦታ ጨለማ ሌላው ወንፊት አይሁን። ጠርዙን በጣትዎ ይከተሉት፤ ወደ ውስጥ የገባና ወደ ውጭ የወጣ ጠርዝ የሸማኔው እጅ መወርወሪያውን እኩል እንዳልሳበ ይናገራል። የእኛ መሸመኛ ጠባብ ስለሆነ ዝተት ከአንድ በላይ ቁራጭ ተሰፍቶ ነው ስፋት የሚያገኘው፤ ስለዚህ ስፌቱን ያግኙትና ሁለቱም ወገን ያሉት መስመሮች ይገናኙ እንደሆነ ይዩ። መስመሮቹ ከተገናኙ ሸማኔው ከመጀመሪያው ቆጥሮ ሠርቷል። ከዚያ ይገልብጡት። ጀርባው ላይ የተቋጠረ ክር፣ የተንጠለጠለ ጫፍ፣ የተዘለለ ማግ ከሌለ ፊቱን ማየት እንኳ አያስፈልግም።

ከሽመና በኋላ የሚመጣው ብዙ ሰው የማያውቀውና እኔ ከሁሉ የምወደው ሥራ ነው፤ መርገጥ። ከመሸመኛው የወረደ የጠጉር ጨርቅ ገና ጨርቅ አይደለም፤ በሞቀ ውሃ ተነክሮ በእግር ሲረገጥ ነው የሚሆነው። የበግ ጠጉር በላዩ በዓይን የማይታይ ቅርፊት አለው። ሙቀትና እርጥበት ቅርፊቱን ይከፍተዋል፤ እርግጫው ጠጉሮቹን እርስ በርስ ያስተሳስራል፤ ጨርቁ በቁመትም በጎንም ይሰበሰባል፤ ይወፍራል። በስኮትላንድ ደሴቶች ሴቶች ይህንኑ ሥራ በእጅም በእግርም ሲሠሩ፣ ምቱን እንዲጠብቅላቸው በዘፈን ያጅቡት ነበር። የዚያው አገር ሻካራ የበግ ጠጉር ጨርቅ፣ ሃሪስ ትዊድ፣ በ1993 እ.ኤ.አ. የራሱ ሕግ ወጣለት፦ ደሴቶቹ ላይ፣ በሸማኔው በራሱ ቤት፣ በእጅ ካልተሸመነ በስሙ አይሸጥም። ጠጉሩ ከመንዝ ጠጉር በልስላሴ ብዙ ስለራቀ አይደለም ዓለም የሚፈልገው፤ መለኪያው የታወቀ ስለሆነና ከመለኪያው በታች የሆነው በስሙ ገበያ ስለማይወጣ ነው። ለዝተትም እንዲህ ያለ መለኪያ ቢወጣለት ምንኛ በወደድኩ። እስከዚያ ድረስ መለኪያው በገዢው እጅ ነው ያለው።

በሚገባ የተረገጠ ዝተት እንዴት ይታወቃል? በሁለት ጣት ቆንጥጠው በተቃራኒ ያንሸራቱት። ድርና ማጉ ከቦታቸው መንሸራተት የለባቸውም። የውሃ ጠብታ ያድርጉበት፤ ቆም ብሎ እንደ ዶቃ ከቆየ በኋላ ቀስ ብሎ ይገባል። ቶሎ ከጠጣው አልተረገጠም፤ ወይም ጠጉሩ በብርቱ ሳሙና ታጥቦ ቅባቱ ጨርሶ ወጥቷል። እንደ ጫማ ማሰሪያ ቆዳ ደርቆ የሚገታተር ከሆነ ደግሞ ከልክ በላይ ተረግጧል። ከዚያ ያሽቱት። ቀለል ያለ የበግ ጠረን ጤና ነው፤ ፀሐይና ነፋስ ያጠፋዋል። እጅ ላይ የሚጣበቅና የከረረ ሽታ ያለው ከሆነ ግን ሳይታጠብ ነው የተፈተለው። ብል ቀድሞ የሚመጣውም ወደዚህ ነው፤ ንጹሕ ጠጉርን ከቆሸሸው ያነሰ ይነካዋልና።

እዚህ ላይ አዲስ አበቤ ሁሌ ስለሚያነሣው ነገር ልናገር፦ «ያሳክካል!» አዎን ያሳክካል። ከ30 ማይክሮን በላይ የወፈረ ጠጉር ባዶ ቆዳ ሲነካ ይወጋል፤ የመንዝ ጠጉርም የላይኛው ድርቡ ከዚያ በላይ ነው። ዝተት ግን ከባዶ ገላ ጋር እንዲገናኝ አልተሠራም፤ ከሥሩ አንሶላ ወይም ጋቢ አለ። ማሳከኩን እንደ ጉድለት ቆጥሮ የፋብሪካ ብርድ ልብስ መምረጥ ከራስ ጋር አለመተዋወቅ ነው። የሚመረመረው ከጋቢ በላይ ሲሆን ነው፦ ይከብዳል ወይስ ያቅፋል? ከተገላበጡ በኋላ ይከተልዎታል ወይስ እንደ ሳንቃ ወደ ጎን ይወድቃል? ጥሩ ዝተት ይከተላል።

ስለ ቀለም አቋሜ ግልጽ ነው፤ የበጉ የራሱ ቀለም ያለበትን እመርጣለሁ። የተፈጥሮ ጥቁር ወጥ አይደለም። በጉ ፀሐይ ላይ ስለሚውል የጠጉሩ ጫፍ ወደ ቡናማ ይደበዝዛል፤ ስለዚህ ጥቁሩ ውስጥ የቡና ቀለም ይታያል፤ ነጩም ንጹሕ ነጭ ሳይሆን ወደ ክሬም ያዘነበለ ነው። እንከን የለሽ ድፍን ጥቁር ካዩ ነጭ ሶፍት በምራቅዎ አርሰው ይሹት። ሶፍቱ ከጠቆረ ተነክሯል፤ ሳይጠብቅ የተነከረ ጥቁር ደግሞ የመጀመሪያው እጥበት ላይ ነጩን ያበላሻል። ቀይና ሰማያዊ ያለበትም ዝተት የሚያምር አለ፤ ነገር ግን ከፊቱና ከጀርባው ቀለሙን ያመሳክሩት፤ ፊቱ ደብዝዞ ጀርባው ደምቆ ከሆነ መደብሩ መስኮት ላይ ፀሐይ ሲመታው ከርሟል።

ስጋጃ ሌላ ዓለም ነው፤ ደብረ ብርሃን የሚሠሩት በቋጠሮ ነው እንጂ በመወርወሪያ ብቻ አይደለም። ይገልብጡትና ቋጠሮዎቹን ከጀርባ ይዩ፤ ረድፋቸው ቀጥ፣ መጠናቸው እኩል ሊሆን ይገባል። ሥዕሉ ከጀርባም በጥራት ከተነበበ ጥሩ ነው። ፊቱን አጥፈው የጠጉሩን ሥር ይመልከቱ፤ በመካከሉ ድሩ ገጦ ከታየ ቋጠሮው ሳስቷል። ዘርፉም የድሩ ጫፍ ራሱ ይሁን፤ በኋላ ተሰፍቶ የተለጠፈ ዘርፍ ድሩ የሚተረተርበትን ቦታ ሊሸፍን ይችላል። ትልቅ አንበሳ ያለበትን ስጋጃ የሚገዛ ሰው የአንበሳውን ዓይን ይይ፤ ክብ ነገር በካሬ ቋጠሮ ማውጣት ከባድ ስለሆነ የሠሪው ችሎታ የሚገለጠው እዚያ ነው።

ስለ በርኖስ አንድ ነገር ብቻ። ጥቁር፣ ከባድ፣ በትከሻው ላይ ሹል ያለች ጫፍ ያለው ይህ ካባ የመንዝ ሥራ ቁንጮ ነው። ዛሬ ብዙ ሰው ከፋብሪካ ጨርቅ አስፍቶ ለሠርግና ለመድረክ ይለብሰዋል። እውነተኛው ከተረገጠ የበግ ጠጉር ነው። ሲያነሡት ክብደቱ ከትከሻ መቀመጥ አለበት እንጂ ከአንገት መሳብ የለበትም። ያቺ የትከሻ ጫፍም ያለ ካርቶንና ያለ ሽቦ፣ ጨርቁ ራሱ በደንብ ስለተረገጠ ብቻ መቆም አለባት። እጅዎን ከሥሯ አስገብተው ይዳስሱ፤ ባዶ ጨርቅ ከሆነ በርኖሱ እውነተኛ ነው።

መደብር ከመዞር ይልቅ ማሠራት ለሚፈልግ ሰው የእኔ ምክር ይህ ነው። ሰንጋ ተራ ካሉት ቢሮዎች በየትኛውም ቢጠይቁ መንዝ ወይም ደብረ ብርሃን ዘመድ ያለው ሰው አይጠፋም። ዝተቱን አይዘዙ፤ መጀመሪያ ልቃቂቱን ይዘዙ። ከሁለት ከሦስት ፈታዮች አንዳንድ ልቃቂት እንዲላክልዎ ይጠይቁና እዚሁ ጠረጴዛዎ ላይ አስቀምጠው ሳብ፣ ፈታ፣ ለኮስ እያደረጉ ይምረጡ። የመረጧትን ፈታይ የድሩንም የማጉንም ፈትል እርሷ ራሷ እንድታደርስ ያስነግሯት፤ ድሩ ይክረር፣ ማጉ ይላላ፣ የአገሬውና የዲቃላው ጠጉር አይቀላቀል። የእርሷን ዋጋ ከሸማኔው ዋጋ ለይተው ይነጋገሩ፤ በእጇም ይድረስ። ዝተቱን ለሰኔ ብርድ ከፈለጉት በጥር ካልጀመሩ አይደርስም። ሸማኔው ዘንድ ሲሄድ ደግሞ ከመሰፋቱ በፊት ይረገጥ ወይስ በኋላ ብለው ይጠይቁት፤ ሁለቱንም የሚያደርጉ አሉ፤ ምክንያቱን አብራርቶ የሚመልስልዎ ከሆነ ሥራውን ይስጡት።